የጥርስ ሳሙናው ጥያቄ

አሰላ ውስጥ የሰርግ ወቅት መግባቱን እኔ የማውቀው በድንኳን ወይም በመኪና ጡሩምባ አይደለም፤ በጥርስ ነው። ከታች ከቆላው፣ ከኦጎልቾና ከዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ፣ ለትዳር የታጩ ልጆች ከእናት ወይም ከአክስት ጋር ሆነው ሽቅብ ወደ እኛ ይመጣሉ። ያደጉበት አገር የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጥርሳቸው ገና ድድ ውስጥ ሳለ ውኃው ይደርስበትና በልዞ ይበቅላል። ቡናማ ይሆናል፤ አንዳንዱ ላይ የጠቆረ መስመር ይጋደምበታል፤ በምንም ሳሙና አይለቅም። ብዙዎቹን አያማቸውም። ግን አጠገባቸው ሰው ሲቀልድ፣ ከሳቃቸው በፊት እጃቸው አፋቸው ላይ ይደርሳል።

ሰርጉ ሲቃረብ ጥርሱ ይለበጣል። እኛ ኮምፖዚት የምንለው የጥርስ መልክ ያለው ለስላሳ ሊጥ አለ። እሱን በጥርሱ ፊት ላይ በስሱ እንቀባለን፣ ቅርጽ እናስይዘዋለን፣ በሰማያዊ መብራት እናደርቀዋለን፤ ከደረቀ በኋላ እየሞረድን እናለሰልሰዋለን። ሲሞረድ ነጭ ብናኝ ይነሳል። ሁሉም ሲያልቅ መስታወት እሰጣታለሁ። ልጅቷ ታያለች፤ ከዚያ እጇ እንደ ልማዱ ወደ አፏ ይነሳና መንገድ ላይ ይቆማል። ይህን ሥራ የምወደው ለዚያች ቅጽበት ስል ነበር። ሌላው ነገሩ፣ የወገብ ሕመሙና የሰው ምራቁ፣ ማንም የሚቀናበት አይደለም።

የመጣሁት ከደብረ ማርቆስ ነው። ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ሆኖ አርሲ ሲመደብ ተከትዬው መጣሁና በጥርስ ሐኪምነቴ አንድ የግል ክሊኒክ ተቀጠርኩ። የክሊኒኩ ባለቤት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሐኪም ናቸው፤ እዚሁ የተወለዱ፣ ከጴንጤ ቤተሰብ ያደጉ፣ ጥርስ ሲነቅሉ መዝሙር የሚያንጎራጉሩ። ብርድ አይወዱም። አብራኝ የምትሠራው ነርስ የአርሲ ሴት ናት፤ በዕድሜም በልጅ ብዛትም ትበልጠኛለች፤ አፋን ኦሮሞ ላይ ስደናቀፍ የምታነሳኝ እሷ ናት። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ጋር ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ስመለከት እውላለሁ።

አንዲት ሴት ወንበራችን ላይ ስትቀመጥ፣ ኮምፖዚት ከመቀባታችን በፊት መጠየቅ ያለብን አንድ ጥያቄ አለ። እርጉዝ ነሽ ወይ? ትምህርት ቤት ሲያስተምሩን ቀላል ነበር። እዚህ ግን ሙሽራዋ ወንበሩ ላይ ነች፣ አክስቷ ቦርሳዋን አቅፋ አጠገቧ ቆማለች። ሙሽራን በአክስቷ ፊት እርጉዝ ነሽ ወይ ማለት ዘር ማንዘሯን መስደብ ነው። ባለትዳር ብትሆንም አትመልስልኝም። ሆድ ሳይታይ እርግዝና አይወራም። የሰው ዓይን አለ፣ የሰው አፍ አለ፤ ገና ያልጸና ነገር ይዞ ማውራት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ይህን በአርሲ ላሳብብ አልችልም። እናቴ ደብረ ማርቆስ ሆና ታናሽ ወንድሜን ስታረግዝ ለአባቴ እንኳ ቶሎ መንገሯን እጠራጠራለሁ።

መላውን ያመጣችው ነርሷ ናት። አንድ ቀን በቀጥታ ጠይቄ አንዲት እናት ልጇን ከወንበሩ አስነስታ ይዛት ከሄደች በኋላ፣ "ዶክተርዬ፣ እንዲህማ አይሆንም" አለችኝና ቀጣይዋን ታካሚ ራሷ ጠየቀቻት።

"ጠዋት ጠዋት ጥርስሽን ስትቦርሺ ሳሙናው ያቅለሸልሽሻል እንዴ?"

ይኸው ነው። የጥርስ ሐኪም ቤት ስለ ጥርስ ሳሙና ቢጠየቅ ማንም አይቀየምም። ያላረገዘችው "ኧረ ምንም አይለኝ" ትልና ያልቃል። ያረገዘችው ግን ቀና ብላ ታየናለች። ሌላ መልስ አያስፈልገንም። ከዚያ ልባጡን የምናዘገይበት ሰበብ እንፈልጋለን፤ ድድሽ አብጧል፣ ዕቃው አልመጣም፣ መብራቱ ተበላሽቷል። ያ ሰማያዊ መብራት እኛ ቤት የተበላሸውን ያህል የትም አገር የተበላሸ አይመስለኝም።

ለምን እንደምናዘገየው እንደገባኝ ልናገር። ኮምፖዚቱ ከተሠራባቸው ነገሮች መካከል ቢስፌኖል ከሚባሉት ኬሚካሎች ወገን የሆኑ አሉበት። ሊጡ በደንብ ካልደረቀ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ኢምንት የሆነ መጠን ከላዩ እየለቀቀ ከምራቅ ጋር ይዋጣል። እነዚህ ኬሚካሎች ኢስትሮጅንን ይመስላሉ። ኢስትሮጅን የሴት ሆርሞን ነው፤ ሴሎቻችን ጋ ሄዶ ሲያንኳኳ ይከፈትለታል። ይኼኛው የዘመድ ድምፅ አስመስሎ በር የሚመታ እንግዳ ነው፤ ሰውነት አይለየውም፣ ይከፍትለታል። ለአዋቂ ሰው ምናልባት ምንም አይደል። ሽል ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ ሰውነቱ ገና እየተቀየሰ ነው፤ የትኛው ነገር የት እንደሚሆን በጥቃቅን መልእክቶች ነው የሚወሰነው፤ በማይገባው ሰዓት የገባ መልእክት ምን እንደሚያዛባ ማንም በቅጡ አያውቅም። በላቦራቶሪ በአይጥና በዓሣ ሽሎች ላይ ጉዳት ታይቷል። በሰው ላይ፣ ከጥርስ በሚለቀቀው በዚያች መጠን፣ ይጎዳል ብሎ የደፈረ አላየሁም፤ አይጎዳም ብሎ የሚምልልኝም አላገኘሁም። ያነበብኳቸው ጽሑፎች መጨረሻ ሁሉ አንድ ነው፤ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው አንድ ቀን እጄ ላይ ቢወድቅ መንጋጋውን ያለ ማደንዘዣ እነቅለው ነበር እላለሁ። ስናደድ ነው እንጂ አላደርገውም።

የሚያናድደኝ ጥናቱ ብቻ አልነበረም። ሽል በጣም ስስ የሚሆንባቸው ሳምንታት፣ እኛ ሴቶች አፋችንን የምንለጉምባቸው ሳምንታት ናቸው። ጠብቁልኝ ማለት የሚያስፈልገን ያኔ ነው፤ ያኔ ደግሞ ምንም አንልም።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ለታካሚዎቼ ብዬ ቢሆን ደስ ባለኝ። ያነበብኩት ለራሴ ነው። አሰላ ከመጣን ወዲህ ሁለት ጊዜ ፀንሼ ሁለቱም ወርደውብኝ ነበር፤ ሁለቱም ሆዴ ሳይታይ። ከባለቤቴ በቀር ማንም አላወቀም። ያልተነገረ እርግዝና ሲጠፋም አይነገርም። ማን ሞቶብሽ ነው ቢሉኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ስም የለው፣ መቃብር የለው። ሁለቱንም ጊዜ ሆዴን አሞኝ ነበር ብዬ ተመልሼ ገባሁና የሰው ጥርስ ስሞላ ዋልኩ። ነርሷ "ከሳሽ" ስትለኝ ብርዱ ነው አልኳት። አሰላ ሁሉንም ነገር በብርድ ማሳበብ ይቻላል።

ባለቤቴ ዝምተኛ ነው። ከዲክሲስና ከጮሌ ገበሬዎች ጋር ውሎ ጭቃውን አራግፎ ሲገባ ስለ ስንዴ ዋግ እንጂ ስለ ልቡ አያወራም። ከሁለተኛው በኋላ ግን አንድ ቀን ለገበሬ የሚያሳየውን የፀረ አረም ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጽሑፉን በጣቱ አሳየኝ።

"ይኼ እርጉዝ ሴት አትቅረበኝ ይላል። የእናንተስ ዕቃ ምን ይላል?"

በማግሥቱ ክሊኒክ ውስጥ እጄ ላይ የነበረውን ሳጥን እያገላበጥኩ አየሁት። ፊደሉ ደቃቅ ነው። ስለ እርግዝና የሚል አላገኘሁበትም። ማታ ስገባ "ምንም አይልም" አልኩት።

"ምንም አያደርግም ማለት ነው?"

"ምንም አይልም ማለት ነው።"

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። ሦስተኛውን ስፀንስ ግን አንድ ቅዳሜ ተነስቶ የሥራ ማስክ ገዝቶልኝ መጣ፤ ከክሊኒኩ ማስክ ወፍራም የሆነ፣ እነሱ ኬሚካል ሲረጩ የሚያደርጉትን ዓይነት።

እሱን ከውስጥ፣ የክሊኒኩን ከላይ ደርቤ መሥራት ጀመርኩ። ብናኙ እንዲወጣልኝ መስኮቱን እከፍታለሁ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ክፍሉን ይሞላዋል፤ አለቃዬ ጃኬታቸውን እየቆለፉ ይመጣሉ። "ልጄ፣ በዚህ ብርድ መስኮት የሚከፍት ሰው አሰላ ውስጥ ካንቺ ሌላ የለም" ብለው ይዘጉታል። ሲወጡ እከፍተዋለሁ። ተመልሰው ይዘጉታል። በዚሁ ሊጥ የሚሠራውን ሙሌትና ልባጥ እሳቸው ይሥሩ፣ እኔ ልንቀል ማለት እችል ነበር። ግን ለምን ይሉኛል። ለታካሚዎቼ ስንት ሰበብ ስፈጥር የኖርኩት ሴት ለራሴ አንድ አላገኘሁም፤ እውነቱን ደግሞ አፌ እምቢ አለኝ። ሁለት ጊዜ ያጣች ሴት ሦስተኛውን ጮክ ብላ ለመናገር ትፈራለች። እኔ ሳይንስ ተምሬያለሁ፣ የሰው ዓይን ሽል አይገድልም፤ ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ፈራሁ።

በዚያ መካከል ነው ልጅቷ የመጣችው። ከኦጎልቾ ነው የመጣችው፤ ሰርጓ በሚቀጥለው እሁድ ነው። አብራት የመጣችው የአባቷ እህት ነበረች፤ ልጅቷ "አዳዳ" እያለች ነው የምትጠራት፣ የአባት እህት በኦሮምኛ እንደሚባለው። አዳዳ ደርባባ ሴት ናት፤ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ክፍሉ ጠበበ።

"ሙሽራው ዲክሲስ አስተማሪ ነው፣ ዶክተር" አለችኝ። "የደጋ ሰዎች ናቸው። ጥርሳቸው እንደ ወተት። ልጃችን አፏን ይዛ ገባች እንዲሉን አንፈልግም። ይኼ የላይኛው ሁሉ ይሸፈን።"

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ሠላሳ ዓመት ቡና የተፈላበት ጀበና የሚመስል ጥርስ አይቻለሁ፤ የእሷ እንደዚያ አልነበረም። ቡናማው እንደ ማር ነጣ ያለ፣ አሰላለፉ ያማረ። ነርሷ የምራቅ መምጠጫውን እያዘጋጀች፣ እንደ ዘበት፣ ጥያቄዋን ጣል አደረገች።

"ጠዋት ጠዋት ሳሙናው ያቅለሸልሽሻል እንዴ?"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችን።

ነርሷ ጊዜ አላጠፋችም። አዳዳን ክንዷን ይዛ፣ የጥርሱን ቀለም እንምረጥ፣ ብርሃኑ እዚያ ይሻላል እያለች ወደ መቀበያው ክፍል ወሰደቻት። በሩ ሲዘጋ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በፍጥነት ተናገረች።

"ኒካው ከታሰረ ቆይቷል። ሐራም አልሠራሁም። ግን ሰርግ ሳይኖር ወደ እሱ መሄድ አልነበረብኝም። አዳዳ አታውቅም። ማንም አያውቅም።"

"እኔም አልናገርም" አልኳት። "ግን ይኼን ልባጥ አሁን ባትሠሪው ነው የምመክርሽ።"

ለምን አለችኝ። ነገርኳት። ስለ ሊጡ፣ ከምራቅ ጋር ስለሚዋጠው፣ በዘመድ ድምፅ ስለሚያንኳኳው እንግዳ። የማላውቀውንም እንደማላውቅ ነገርኳት። ድድሽን በላስቲክ ሸፍኜ፣ መብራቱን አስረዝሜ፣ ላዩን ጠርጌ፣ አፍሽን ደጋግሜ አስጉመጥምጬ ልሠራልሽ እችላለሁ፤ እንዲህ ሲሆን የሚዋጠው በጣም ይቀንሳል፤ ምናልባትም ምንም አይሆንም አልኳት። ሳላስፈራራትም ሳላታልላትም ለመናገር መሞከር እንዴት ያደክማል!

ስትሰማ ቆየች የምላት ልጅ ሳትሰማኝ እያየችኝ ኖሯል። ድርብ ማስኬን፣ የተከፈተውን መስኮት፣ ወንበሩ አጠገብ የቆረጥኩትን የሎሚ ቁራጭ ስታይ ነበር። ሎሚው ለማቅለሽለሹ ነው፤ አሸተዋለሁ።

"እርስዎስ ዶክተር?" አለችኝ። "የጥርስ ሳሙናው ያቅለሸልሽዎታል?"

እናቴ ያልጠየቀችኝን፣ አለቃዬ ያልጠረጠሩትን፣ ነርሷ አውቃ ዝም ያለችኝን ነገር፣ ስሟን ገና ያልያዝኩት የኦጎልቾ ልጅ ጠየቀችኝ። መዋሸት እችል ነበር። ቀና ብዬ አየኋት። መልሱን እሷም አወቀችው።

"ታዲያ እርስዎ ቢሆኑ ያስለብጡት ነበር?"

"አላስለብጥም" አልኩ።

"ግን ቀኑን ሙሉ ይነኩታል።"

ሎሚውን አንስቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

አዳዳ የቀለም ናሙናውን ይዛ በሩን ከፍታ ገባች፤ በጣም ነጩን ነው የመረጠችው። ልጅቷ ከወንበሩ ወርዳ ጫማዋን ስታደርግ አየቻት።

"ምን ሆንሽ?"

"ፈራሁ፣ አዳዳ። ማሽኑን ፈራሁ። አልፈልግም።"

ከዚያ የመጣውን ቁጣ ግማሹን በኦሮምኛ ነው የሰማሁት፤ ነርሷ ያልተረጎመችልኝ ግማሹ ሳይብስ አልቀረም። መኪና ተሳፍረን መጥተን፣ ደጋ አገር እየሄድሽ፣ የሰው መሳቂያ ልታደርጊን። ልጅቷ አንድ ጊዜም ወደ እኔ አልዞረችም። ወደ እኔ ብትዞር ነገሩ እንደሚገለጥ ያወቀች ይመስለኛል። አዳዳ በመጨረሻ ቁጣዋን እኔ ላይ አዞረችው። "አንቺ ነሽ ያስፈራራሻት! ሰው ማስፈራራት ነው የተማርሽው?" ብላኝ ወጣች። ልጅቷ በሩ ላይ ስትደርስ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተከተለቻት። በሰርጓ ቀንም እንዲሁ አድርጋ እንደምትቀመጥ አሰብኩና አንጀቴን በላችው። ለማንም ያልታየ፣ ማንም የማያመሰግናት ነገር ለልጇ አድርጋ ሄደች።

ቀጣዩ ታካሚ ጥርስ የሚሞላለት ነበር። ጓንቴን አጠለቅኩ፣ ኮምፖዚቱ የሚጨመቅበትን ስሪንጅ አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ተነስቼ ወደ አለቃዬ ክፍል ሄድኩ። ሻይ እየጠጡ ነበር።

"ዶክተር፣ እርጉዝ ነኝ" አልኩ።

በሕይወቴ ያንን ቃል ከባለቤቴ ሌላ ለሆነ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ተነሱ፣ ወደ እኔ ክፍል ሄዱ፣ ስንት ጊዜ የዘጉትን መስኮት በሁለት እጃቸው እስከ ጥግ ከፈቱት። ከዚያ ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ።

"ከዛሬ ጀምሮ መንቀል ብቻ ነው ሥራሽ" አሉኝ። "ሊጡን እኔ እሠራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርገኛል? ጌታ ይጠብቅሽ።"

ነርሷ ከኋላቸው ቆማ "እኔ እኮ ሳሙናውን ልጠይቅሽ አፍሬ ነው" ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

አንዴ ከተነገረ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ አወቀ። አሰላ ትልቅ ከተማ አይደለችም። ጎረቤቴ ውኃ የያዘ ባልዲ እጄ ላይ ካየች ትጮኻለች። ከጎበሳ ገበያ የምትመለስ አንዲት የነርሷ ዘመድ እንቁላል ታመጣልኛለች። የማላውቃት ሴት ታክሲ ውስጥ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ማን እንደነገራት እግዜር ይወቅ። እናቴ ስልክ ላይ እያለቀሰች ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም ብላ ተቆጣችኝ፤ እሷ! እኔም እነጫነጫለሁ፣ ሰው ፋታ ነሳኝ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር የዚያን ያህል ደስ ብሎኝ የኖርኩበት ጊዜ የለም። ባለቤቴ ማሳ ውሎ ሲገባ ስለ ስንዴ ትንሽ፣ ስለ ስም ብዙ ማውራት ጀመረ።

ቀሚሴ ወገቡ ላይ መጥበብ ሲጀምር፣ አንድ ረፋድ ላይ የአንድ ሽማግሌ መንጋጋ ነቅዬ ጨርሼ ቀና ስል ወገቤ ተቆረጠ። ጥጡን ሽማግሌው አፍ ውስጥ አስይዤ፣ "አጥብቀው ይንከሱት፣ አባቴ" ብዬ፣ ከዚያ ነርሷን ጠራሁ። የቀረውን አልጽፈውም። ሆስፒታል ወስደውኝ ነበር፤ ያደረጉልኝን ሁሉ በደንብ አድርገውልኛል። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር።

ያከመኝ ሐኪም ወጣት ነው፤ አልጋዬን ተደግፎ እንደቆመ ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም አለኝ። እኔም ለስንት ሰው ስለ ስንት ነገር እንዲህ ብዬ አውቃለሁ። ኮምፖዚቱ ነው ማለት አልችልም። አይደለም ማለትም አልችልም። ከተናገርኩ በኋላ አልነካሁትም፤ ከመናገሬ በፊት የነበሩት ሳምንታት ግን አሉ፤ መስኮቱ ሲከፈትና ሲዘጋ የነበረባቸው። ምናልባት በመጀመሪያውም ቢሆን አይጸናም ነበር፤ ምናልባት የሁለቱ ምክንያት ሌላ፣ የዚህኛው ሌላ ነው። አእምሮዬ እዚያች ቦታ ላይ ይመላለሳል። በቁጣ እመላለሳለሁ፤ የምቆጣበት ሰው ግን የለም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በሩን ዘግቶ መጋረጃውን ሊጋርድ ተነሳ፤ ባለፉት ሁለት ጊዜያት እንዲህ ነበር ያደረግነው። ተዘግቶ አልቆየም። ጎረቤቴ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ አንኳኳች። ከእሷ በኋላ ነርሷ፣ ከዚያ አለቃዬ ከባለቤታቸው ጋር፣ ከዚያ የሰፈሩ ሴቶች። የሚያውቁት ስለነገርኳቸው ነው፤ የተነገራቸውን ሰዎች ደግሞ አትምጡ ማለት አይቻልም። ወንበር ስላልበቃ መሬት ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። አንዷ ጌታ ያጽናሽ ትላለች፣ አንዷ እመብርሃን ትካስሽ፣ አንዷ አላህ ይተካልሽ። ብዙውን ጊዜ ግን ማንም ምንም አይልም። ተቀምጠው መሬት ያያሉ፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ። ሰው እንዲህ ቤቴ ተቀምጦልኝ አያውቅም ነበር።

ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ የማውቃት ልጅ ቆማ አየሁ። ከዲክሲስ ለእርግዝና ክትትል አዳዳን ይዛ መጥታ፣ ክሊኒክ ጎራ ብላ እኔን ስትጠይቅ ነርሷ ነግራት ይዛት መጥታለች። ሻርፗን ሆዷ ላይ አጥፋ ይዛለች፤ እኔ ፊት ሆዷን ይዛ መግባት ፈርታ ነው። "ግቢ" አልኳት። አልገባችም። "ግቢ፣ ነይ አጠገቤ" አልኳት። መጥታ ተቀመጠች። ሆዷን አየሁት። ቅናት ይይዘኛል ብዬ ነበር፣ ያዘኝም፤ ግን ከቅናቱ ጋር ሌላ ነገር መጣ። በዚህች ከተማ ውስጥ አንዱ ደህና ነው አልኩ በልቤ።

ፊቷ ተሰበሰበ፣ ከዚያ አፏን ከፍታ አለቀሰች፤ እጇን ሳታነሳ፣ ያ የማር ቀለም ያለው ጥርሷ ለሴቱ ሁሉ እየታየ። እኔም ከእሷ ጋር አለቀስኩ።

አዳዳ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ቆየች። የልጅቷን ሆድ አይታ፣ ወሩን አስልታ፣ ያን ቀን ምን እንደነበር የገባት ይመስለኛል። እሷ ግን "ያን ቀን ሰደብኩሽ፣ ኢንታላ ኮ፤ አይያዝብኝ" ብቻ ነው ያለችው። ኢንታላ ኮ ልጄ ማለት ነው፤ ይህን ያህል ኦሮምኛ ገብቶኛል።

ወደ ማታ ሲሆን ሴቶቹ መነሳት ጀመሩ። ነጠላና ሻርፕ ተራገፈ፣ በሩ ላይ ጫማ ይፈለጋል። አዳዳም ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፤ ልትሰናበተኝ ጎንበስ ብላ ሰው ሁሉ እንደሚጠይቀው ጠየቀችኝ።

"የመጀመሪያሽ ነው፣ ልጄ?"

ባለቤቴን አየሁት። በሩ ላይ ለሚወጡት መንገድ ሊለቅ ቆሟል። ራሱን በትንሹ ነቀነቀልኝ።

"ሦስተኛዬ ነው" አልኩ።

አዳዳ ነጠላዋን እንደገና አጣፍታ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ሊሄዱ የተነሱት ሴቶችም ጫማቸውን በሩ ላይ ትተው አንድ በአንድ ተመልሰው ተቀመጡ።